የወደቀ ግንድ ምሳር የሚበዛበት እስከ መቼ ነው? ከሞሪሺየስ ጉዞ የተገኘ ትዝብት

የጎጃምን ካርታ ትኩር ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እየዞረ ከሦስት ወገን ስለሚከበው አገሩ በየብስ መካከል የተቀመጠ ደሴት ይመስላል። በዚህ ‹‹ደሴት›› ላይ፣ በቀድሞው የክፍለ ሀገር ወሰን ብናየው፣ አማራው፣ አገው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻውና ኦሮሞው ሲገበያዩ፣ ሲጋቡ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ ኖረዋል። ባለፉት ዓመታት ግን መጣላቱ ከመታረቁ በልጧል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ይኸው ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ወደ ሞሪሺየስ አቅንቼ በዋና ከተማዋ በፖርት ሉዊስና በአካባቢዋ አሥራ ሁለት ቀናት ቆይቻለሁ። የባሕር ዳርቻዋን ውበትና የሆቴሎቿን ምቾት ለአስጎብኚ ድርጅቶች ልተወውና እኔን ያሳሰበኝን ጥያቄ ለአንባቢ ላቅርብ። ለመሆኑ በሃይማኖት፣ በቋንቋና በዘር ሐረግ እንዲህ የተለያየ፣ ትፈርሳለች ተብሎ የተሟረተባት አገር እንዴት ቆመች? ከእርሷስ የሚወሰድ ትምህርት አለ ወይ?

ከወዲሁ አንድ ማሳሰቢያ ላስቀምጥ። ሞሪሺየስ ሁለት ሺሕ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ ሕዝቧም 1.2 ሚሊዮን አካባቢ የሆነ ትንሽ አገር ናት። ጎረቤት የላትም፤ የሚያዋስናት ባሕር ብቻ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ካላት ኢትዮጵያ ጋር ትከሻ ለትከሻ ማስተያየት አይቻልም። ይሁን እንጂ የሚበጅ ሐሳብ ከትንሽ አገርም ይገኛል።

ማን ከየት መጣ?

ሞሪሺየስ አውሮፓውያን ሲደርሱባት ሰው የማይኖርባት ደሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1598 ደቾች አረፉባት፤ በ1638 ሰፈሩባት፤ በ1710 ትተዋት ሄዱ። ፈረንሳዮች በ1715 ያዟት፤ እንግሊዞች ደግሞ በ1810 ከፈረንሳዮች ነጠቋት። ፈረንሳዮቹ ከሞዛምቢክና ከማዳጋስካር ባሪያዎችን እያመጡ ሸንኮራ አስተከሉ። በ1835 ባርነት ሲቀር የስኳር ባለቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ህንድ አዞሩ። ከ1834 ጀምሮ በነበሩት ሰባና ሰማንያ ዓመታት ከአራት መቶ ሺሕ በላይ ህንዳውያን በኮንትራት የጉልበት ሠራተኝነት ወደ ደሴቲቱ ተጉዘዋል። የወረዱበት አፕራቫሲ ጋት የተባለው ወደብ ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነጋዴ ቻይናውያንም ተከተሉ።

የዚህ ሁሉ ውጤት በፖርት ሉዊስ መንገዶች ላይ በግልጽ ይታያል። በአንድ ሰዓት የእግር ጉዞ ብቻ የጁማ መስጊድን፣ የቻይናዎችን ሰፈር፣ የቅዱስ ሉዊስን ካቴድራልና የታሚሎችን ቤተ መቅደስ አይቻለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ፖሊሱም፣ ተማሪውም ከአተር ክክ የተሠራ ‹‹ዶል ፑሪ›› የሚባል ስስ ቂጣ ለመግዛት በአንድ ሰልፍ ይቆማል። እኔ በነበርኩበት ሳምንት ለማሃ ሺቫራትሪ በዓል ነጭ የለበሱ ሂንዱዎች ቤተሰብ ከቤተሰብ እየሆኑ፣ በአበባና በመስታወት ያጌጠ ሸክም ይዘው ወደ ግራን ባሳ ሐይቅ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። ዲማ ጊዮርጊስንና መርጦ ለማርያምን ለሚያውቅ ጎጃሜ ዕይታው እንግዳ አይሆንበትም። መንገዱ ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው ለመንገደኛው ውኃና ፍራፍሬ ከሚያድሉት መካከል አንዷን ሴት አነጋገርኳት። ካቶሊክ ናት። ‹‹በመስከረም ወደ አባ ላቫል መቃብር ስንሄድ እነርሱም አብረውን ይሄዳሉ›› አለችኝ። በሳንት ክሯ የሚገኘው የአባ ላቫል መቃብር በየዓመቱ የሁሉም እምነት ተከታዮች የሚሳለሙት ሥፍራ ነው። እኛም አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የሚሄዱባቸው ጠበሎች ስላሉ ነገሩ ገባኝ።

በኪሴ የያዝኩት ገንዘብም ይናገር ነበር። በ25 ሩፒ ላይ የቻይና ተወላጁ አህ ቹዌን፣ በ50 ላይ የፈረንሳይ ዘር ያለው ፓቱሮ፣ በ100 ላይ ታሚሉ ሲኒቫሰን፣ በ200 ላይ ሙስሊሙ አብዱል ራዛቅ ሞሐመድ፣ በ500 ላይ ሂንዱው ቢሱንዶያል፣ በ1000 ላይ ክሪዮሉ ጋኤታን ዱቫል፣ በ2000 ላይ የነፃነቱ መሪ ሲዉሳጉር ራምጉላም ተቀምጠዋል። ዱቫልና ራምጉላም በሕይወት ሳሉ የለየላቸው የፖለቲካ ባላንጣዎች ነበሩ። አንደኛው ለነፃነት ሲታገል ሌላው ነፃነቱን ተቃውሟል። ዛሬ ግን ሁለቱም በአንድ ቦርሳ ውስጥ ያድራሉ።

በእሳት የተወለደች አገር

ይህን ያየ እንግዳ ሰላሙ ከሰማይ የወረደ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ጄምስ ሚድ የተባለው እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ኋላ የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ማለት ነው፣ የደሴቲቱን ሁኔታ አጥንቶ ያቀረበው ዘገባ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ሕዝቡ ይበዛል፤ ያለው ሸንኮራ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ሕዝቡ በዘር ተከፋፍሏል። በነሐሴ 1967 በተካሄደው ምርጫ የነፃነቱ ወገን ቢያሸንፍም ወደ 44 በመቶ የሚጠጋው መራጭ ተቃውሞ ድምፅ ሰጥቷል። የብዙዎቹ ምክንያት ፍርሃት ነበር። ‹‹እንግሊዝ ሲሄድ የቁጥር ብልጫ ያለው ሂንዱ ይውጠናል›› የሚል ፍርሃት።

ነፃነቱ ሊታወጅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጥር 1968፣ በፖርት ሉዊስ በክሪዮሎችና በሙስሊሞች መካከል ግጭት ተነሣ። ከሃያ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ቤተሰብ ከነባር ሰፈሩ ተፈናቀለ፤ ጸጥታውን ለማስከበር የእንግሊዝ ወታደሮች ከውጭ ገቡ። መጋቢት 12 ቀን 1968 ባንዲራው ሲሰቀል በዓሉ የደመቀው በግማሽ ልብ ነበር።

ከጉዞው መልስ ይህን ሁሉ ደብረ ማርቆስ ላሉት አጎቴ ሳጫውታቸው በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ ‹‹ለመሆኑ ባላገሩ ማን ነው?›› አሉኝ።

‹‹ማንም አይደለም ጋሼ። ሁሉም በመርከብ የመጣ ነው።››

‹‹እንግዲያውስ ምን ያጣላቸዋል? ባለርስት በሌለበት አገር መስማማት ምን ይከብዳል! የእኛ ነገር እኮ መሬት ነው ልጄ።››

የአጎቴ ሙግት ቀላል አይደለም። በርግጥም በእኛ አገር ‹‹የአባቶቼ ርስት ነው›› የማይባል መሬት የለም። ሞሪሺየስ ውስጥ ግን ማንም ለማንም ‹‹መጤ›› ሊለው አይችልም። ሆኖም የ1968ቱ ደም የሚነግረን ሌላ ነገር ነው። ርስት በሌለበትም ሰው ተጋድሏል። ስለዚህ የጠቡ ሥር መሬቱ ብቻ አይደለም። በእኔ እምነት ከመሬቱ በላይ የሚያጋድለው ‹‹ከተሸነፍኩ መውደቂያ የለኝም›› የሚለው ፍርሃት ነው። ሞሪሺየሶች ዘዴ የፈለጉትም ለዚህ ፍርሃት ነው።

‹‹ምርጥ ተሸናፊ››

የሞሪሺየስ ምርጫ እንዲህ ነው። ዋናዋ ደሴት በ20 የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች። እያንዳንዱ ክልል ሦስት ተወካይ ስለሚልክ መራጩም ሦስት ሰው ይመርጣል። ፓርቲዎች ከአንድ ወገን ብቻ ዕጩ ቢያቀርቡ የሌላውን ድምፅ ስለሚያጡ ዕጩዎቻቸውን ያሰባጥራሉ። የሮድሪገስ ደሴት ሁለት ወንበር ሲታከልበት በቀጥታ የሚመረጡት 62 ይሆናሉ።

ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ እስከ ስምንት የሚደርሱ ተጨማሪ ወንበሮችን አስቀምጧል። ሕዝቡ በሕጉ ዘንድ በአራት ይመደባል፦ ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ ቻይናዊ ሞሪሺየሳዊና ‹‹ጠቅላላ ሕዝብ›› የሚባለው፣ ክሪዮሎችንና የፈረንሳይ ዘር ያላቸውን የያዘው ወገን። ከምርጫው በኋላ ውክልናው ያነሰበት ወገን ተለይቶ፣ ከዚያ ወገን ከተሸነፉት ዕጩዎች መካከል የተሻለ ድምፅ ያገኘው በተጨማሪው ወንበር ይቀመጣል። ስለዚህም አሠራሩ ‹‹ምርጥ ተሸናፊ›› ይባላል። ወንበሮቹ ሲታደሉ አሸናፊው ፓርቲ ያገኘው ብልጫ እንዳይናጋም ጥንቃቄ ይደረጋል። አሸናፊው ሥልጣኑን ይይዛል፤ ተሸናፊው ደግሞ ከቤት አይባረርም።

ይህ ነገር እምብዛም አስደናቂ ላይመስል ይችላል። በሞሪሺየስ የምርጫ ታሪክ ውስጥ ካላየነው በቀር ዋጋው አይገባንም። በዋናዋ ደሴት አንዱ ወገን 60ውንም ወንበር ጠቅልሎ የወሰደበት ጊዜ ሦስት ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1982፣ በ1995ና በኅዳር 2024። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጁን የቀረው ሥልጣን ላይ የነበረው ወገን መሆኑን ነው። በ1982 የነፃነቱ አባት ራምጉላም ራሳቸው ወንበራቸውን አጡ። ምን ሆኑ? በዓመት ከምናምን ውስጥ ጠቅላይ ገዥ ተደርገው ተሾሙ፤ በ1985 ሲሞቱም በዚያው ክብር ላይ ነበሩ። በ1995 የተሸነፉት አኔሩድ ጃግናት በ2000 ተመልሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በኋላም ፕሬዚዳንት። በ2014ና በ2019 የተሸነፉት ናቪን ራምጉላም በ2024 አሸንፈው ተመለሱ። ሕዝብ በአንድ ድምፅ ያራቃቸው ወገኖችም በ‹‹ምርጥ ተሸናፊ›› በር ጥቂት ወንበር እያገኙ ምክር ቤት ገብተው ተቃውሟቸውን ያሰማሉ።

ከ2024ቱ ምርጫ አስቀድሞ የስልክ ጠለፋ ቅሌት ተነሥቶ፣ ባለሥልጣናት ማኅበራዊ ሚዲያዎችን እስከ ምርጫው ማግሥት ለመዝጋት አዘው ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ግን ትዕዛዙ በማግሥቱ ተሻረ። ድምፁ ተቆጥሮ ሳያልቅ ፕራቪንድ ጃግናት ሽንፈታቸውን አምነው ተቀበሉ። አገሪቱ መደበኛ ጦር ሠራዊት ስለሌላት ‹‹ወታደሩ ምን ይል ይሆን?›› ብሎ የተጨነቀም አልነበረም።

የእኛ ግንድና የእኛ ምሳር

ወደ አገራችን እንምጣ። ጠቅልሎ ማሸነፍ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም። በ2013 ዓ.ም. በሰኔው ምርጫ ውጤታቸው ከተገለጸ 436 ወንበሮች 410ሩን ብልፅግና ፓርቲ አገኘ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በእኛ አገር ጠቅልሎ የሚያሸንፈው ምንጊዜም ወንበሩ ላይ ያለው ነው። በምርጫ ተሸንፎ ‹‹እነሆ ተረከቡኝ›› ያለ መሪ ኢትዮጵያ አይታ አታውቅም።

ለምን ቢባል መልሱ ከተረታችን ውስጥ ይገኛል፦ የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ደብረ ማርቆስ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ከተማዋን ማዕከል አድርገው ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ታሰሩ። አምስት ዓመት ሙሉ ጣልያንን ሲወጋ የኖረው በላይ ዘለቀ ነፃነት በተመለሰ በአራተኛው ዓመት፣ በ1937 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. የንጉሡ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ። በ1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ አገር ጥለው ኮበለሉ። በ1997ቱ ምርጫ ከገዥው ፓርቲ ጋር የተፎካከሩት የቅንጅት መሪዎች በማግሥቱ ዓመት ወኅኒ ወረዱ። ይህን ታሪክ እያየ ያደገ ፖለቲከኛ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ ወንበሩን በፈቃዱ ይለቃል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሥልጣን ያልያዘውም ቢሆን ‹‹ከያዝኩ አልለቅም›› ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ምሳሩ እዚያም አለ

ሞሪሺየስን የገነት ተምሳሌት አድርጌ ባቀርብ አንባቢን መሸንገል ይሆንብኛል። እኔ እዚያ በነበርኩበት ሳምንት የጋዜጦቹ ሁሉ ርዕስ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የፕራቪንድ ጃግናት መታሰር ነበር። በገንዘብ ማጠብ ተጠርጥረው ተይዘው በዋስ ተለቀዋል፤ እርሳቸውም ክሱን አስተባብለዋል። ያነጋገርኩት አንድ የታክሲ ሾፌር ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ ‹‹ከአሥር ዓመት በፊት እነርሱ ራምጉላምን አሰሩ፤ አሁን ተራው የእነርሱ ነው›› አለኝ። እውነቱን ነው። ናቪን ራምጉላም በ2014 ሥልጣን በለቀቁ በጥቂት ወራት ውስጥ ተይዘው ነበር። ምሳሩ እዚያም አለ ማለት ነው። የሚለየው ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱ፣ ዋስትና መፈቀዱና የታሰረው ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ በምርጫ ካርድ ተመልሶ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆን መቻሉ ነው። ከነፃነት ወዲህ አገሪቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት የመሩት ሰዎች አምስት ብቻ መሆናቸው፣ አራቱም ከሁለት ቤተሰብ መውጣታቸው ሌላው ጉድለት ነው።

ሦስተኛው ጉድለት የከፋ ነው። የባሪያ ልጆች የሆኑት ክሪዮሎች ‹‹ጠቅላላ ሕዝብ›› በሚል ስም ከቀድሞ ጌቶቻቸው ልጆች ጋር በአንድ ከረጢት ተጨምረዋል። ቋንቋቸውን አገሩ ሁሉ ቢናገረውም በትምህርት ቤት እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የገባው በ2012 ነው። በየካቲት 1999 ካያ በመባል የሚታወቀው የራስ ተፈሪያን እምነት ተከታይ ዘፋኝ በፖሊስ እጅ እንዳለ ሲሞት የክሪዮል ሰፈሮች ለቀናት ነደዱ። እሳቱ ወደ ዘር ግጭት ሊሸጋገር ሲል ፕሬዚዳንት ካሳም ኡቲም ወደ ጎዳና ወርደው ሕዝቡን ካረጋጉት መካከል ነበሩ። እርሳቸው ሙስሊም፣ ሟቹ ክሪዮል፣ መንግሥቱን የሚመሩት ሂንዱ። ቤተ መንግሥት ውስጥ ሌላው ወገንም ስለነበረ የሚያነጋግር ሰው አልጠፋም።

ቆጠራን መፍራት

አንድ ነገር በጣም ያስገረመኝ የሕዝብ ቆጠራው ጉዳይ ነው። ሞሪሺየስ ሕዝቧን በወገን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1972 ነው። ‹‹ብሔር›› እንደምንለው ያለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ከቆጠራው ቅጽ ተሰርዟል፤ ‹‹ቁጥሩ ያጣላናል›› ተብሎ። የ‹‹ምርጥ ተሸናፊ›› ወንበሮች ግን እስካሁን የሚታደሉት ግማሽ ምዕተ ዓመት ባለፈው በዚያው ቁጥር ላይ ተመሥርተው ነው። ዕጩዎች ወገናቸውን እንዲያስመዘግቡ መገደዳቸውን የተቃወሙ ዜጎች አቤት ብለው የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ2012 ፈርዶላቸዋል፤ ለ2014ቱ ምርጫም ግዴታውን የሚያነሣ ጊዜያዊ ሕግ ወጥቷል። ዘላቂ መፍትሔ ግን አልተገኘም። ያረጀው ቁጥር ትክክል አለመሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አዲስ ቁጥር ለማምጣት ግን ሁሉም ይፈራል። በ1998 እንኳ በአዲስ የብር ኖቶች ላይ የሂንዲ ጽሑፍ ከታሚሉ ቀድሞ በመታተሙ ብቻ ተቃውሞ ተነሥቶ ኖቶቹ ተሰብስበዋል።

ይህን ፍርሃት እኛም እናውቀዋለን። ሕገ መንግሥታችን በየአሥር ዓመቱ ቆጠራ ይካሄድ ይላል። የተካሄዱት ግን የ1976፣ የ1987ና የ1999 ብቻ ናቸው። አራተኛው ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በተደጋጋሚ ሲራዘም ቆይቷል። የጸጥታው ሁኔታ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ከጸጥታው በስተጀርባ ግን በጀትና ወንበር በቁጥር የሚታደልበት አገር ቆጠራውን እንደ ምርጫ ማየቱ አለ።

ከመተከል እስከ አዊ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ሕገ መንግሥታችን ስለ ተሸናፊ ምንም አላሰበም ማለት አይቻልም። አንቀጽ 54 ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች በተወካዮች ምክር ቤት ቢያንስ 20 ወንበር ይሰጣል። በአማራ ክልል ለአዊ፣ ለዋግ ኽምራና ለኦሮሞ የብሔረሰብ አስተዳደሮች ተቋቁመዋል። የአዊ ሕፃናት በአገውኛ ይማራሉ፤ የአገው ፈረሰኞች ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያከብሩትን በዓል ዛሬ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ይህ የሚናቅ አይደለም።

የተዘነጋው ሌላ ሰው ነው። በአገር ደረጃ ሲቆጠር ብዙ፣ በሚኖርበት ቀበሌ ግን ጥቂት የሆነው ሰው ነው። የቀድሞው የጎጃም አካል የነበረውን መተከልን እንውሰድ። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤት ብሎ በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን በስም ይጠቅሳል። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያረጀው አማራ፣ አገውና ኦሮሞ ግን ‹‹ሌሎች›› በሚለው ውስጥ ነው ያለው። የጉሙዝ ሕዝብ ለዘመናት በባሪያ ፈንጋይ ሲታደን ስለኖረ ባለቤትነቱ በሕግ እንዲረጋገጥለት መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንዱ ዋስትና የሌላው ሥጋት ሆነ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ዳንጉር ላይ አማሮች ተገደሉ፤ ወዲያውም በአማራ ክልል ጃዊ ላይ ጉሙዞች በበቀል ተገደሉ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ላይ በአንድ ማለዳ ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የተረፈው ዓባይን ሳይሻገር ቻግኒ ላይ በመጠለያ ሰፈረ። በመተከል የሞተውም ሆነ በጃዊ የሞተው በሚኖርበት ቦታ ጥቂት ስለነበረ፣ አቤት የሚልበት ወንበርም ስላልነበረው የሞተ ሰው ነው።

‹‹ምርጥ ተሸናፊ›› የሚባለውን አሠራር እንዳለ እንቅዳው ማለቴ አይደለም። ሞሪሺየሶች ራሳቸው እየተጨቃጨቁበት ያሉትን ነገር እኛ እንደ አዲስ ግኝት ብናመጣው ያስቃል። ሐሳቡን ግን ልንወስደው እንችላለን ባይ ነኝ። በክልል፣ በዞንና በወረዳ ምክር ቤቶች ለ‹‹ሌሎቹ›› ነዋሪዎች የተወሰነ ወንበር በሕግ ቢረጋገጥ የባለቤቱን ባለቤትነት አይነጥቅም። መተከል ላይ ለአማራውና ለአገው፣ ጃዊ ላይ ለጉሙዙ፣ በሌሎች ክልሎችም በተመሳሳይ ሁኔታ ላሉ ሁሉ ማለት ነው። ይህ በተደረገበት ምክር ቤት ውስጥ ቢያንስ ከግድያው በፊት ‹‹ሰው ሊሞት ነው›› ብሎ የሚጮህ አንድ ሰው ይኖራል።

መታወቂያውም እንዲሁ ነው። በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ እንደነበር፣ በኬላ ላይ ያ አንድ ቃል የስንቱን ሰው ዕጣ እንደወሰነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ብሔር አይጠይቅም። ስለ ፋይዳ ብዙ ትችት ቢኖርም ይህች አንዷ ነገር ትልቅ እርምጃ ናት።

የወደቁ መሪዎችን በተመለከተም ከሥልጣን ለሚወርዱ ሹማምንት መብትና ጥቅም የሚያስከብር አዋጅ በ2001 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁ የጎደለው ጡረታና መኪና አይደለም። የጎደለው የወረደ ሰው ነገ ተነሥቶ ሊወዳደር፣ ቢጠረጠርም በነፃ ፍርድ ቤት ሊዳኝ እንደሚችል ማመን ነው። በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመውና በየካቲት 2017 የሥራ ዘመኑ የተራዘመለት የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከሚያሰባስባቸው አጀንዳዎች ሁሉ ላይ ይህ የተሸናፊ ዋስትና ጉዳይ ቢቀመጥ አይበዛበትም።

ማጠቃለያ

ሞሪሺየስ በ1968 ከተቃጠለ ሰፈር ተነሥታ በ1977 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን ለሕዝቧ ሁሉ በነፃ አደረገች። ያኔ ክፍል የገቡት ልጆች ናቸው ኋላ ፋብሪካውን፣ ባንኩንና ሆቴሉን ያቆሙት። ጎጃምን ጨምሮ በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ትምህርት ተቋርጦባቸዋል። ይህ ትውልድ ወደ ክፍሉ የሚመለሰው ተኩሱ ሲቆም ነው። ተኩሱ የሚቆመው ደግሞ የሚዋጉት ወገኖች፣ መንግሥትም ሆነ ታጣቂው፣ ‹‹ብሸነፍስ ምን እሆናለሁ?›› ለሚለው ጥያቄ ከሞት፣ ከእስርና ከስደት የተለየ መልስ ሲያገኙ ነው። ይህን መልስ በሕግ ጽፎ፣ በተግባር አሳይቶ ሌላውን ማሳመን ደግሞ በቅድሚያ ሥልጣን በእጁ ያለው ወገን ኃላፊነት ነው። ምሳሩን አስቀድሞ ማስቀመጥ የሚችለው የያዘው ነውና።

ቸር እንሰንብት!